ታችፓዱን ዘግቼ የሸኘሁት ላፕቶፕ

ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ሰዓቱን የማስታውሰው የመናኸሪያው ተጣሪ ደበበ በራችን ላይ ቆሞ “ሙዱላ! ሙዱላ! አምስት ሰዓት ላይ ወጪ! ሁለት ሰው ነው የቀረው!” እያለ ይጮህ ስለነበር ነው። የላፕቶፕ ጥገና ሱቃችን ከሆሳዕና መናኸሪያ አጥር ጋር የተጣበቀች አንድ ክፍል ናት። የአውቶቡሶቹ ሰዓት የእኛም ሰዓት ነበር።

ከእኔ አሥር ዓመት ገደማ የምትበልጥ ሴት ፌስታል ይዛ ገባች። አማረች እንደምትባልና ሙዱላ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ እንደምትሠራ ነገረችኝ፤ ማመልከቻ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ። ላፕቶፑን ከፌስታሉ አወጣች። ላዩ ላይ ያለበሰችውን ነጭ ዳንቴል አንስታ በጥንቃቄ አጠፈችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“እህቴ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት አበደችብኝ” አለች። “ልጽፍ ስል ወደ ላይ ትዘላለች፤ ስመልሳት ወደ ታች። ባለፈው የሠርግ ጥሪ ስጽፍ የሙሽራውን ስም የሙሽሪት አባት ቦታ ላይ አስቀመጠችልኝ። ያየሁት ሁሉንም ካተምኩ በኋላ ነው።”

“ታዲያ ሠርጉ ቀረ?” አለ ደበበ ከበር።

“ሠርጉስ አልቀረም። አባትየው ግን እስካሁን አላናገሩኝም።”

ሦስታችንም ሳቅን። ያን ሳቅ ደግሜ ደጋግሜ አስታውሰዋለሁ።

ዛሬ ዱራሜ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ካቻቢቴ በእጄ ካልያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰዎች ጥገናውን ለምን እንደተውኩ ሲጠይቁኝ “ዓይኔ ደከመ” እላለሁ። ዓይኔ ደህና ነው። በጽሑፍ እንደዚያ ማለት ስላልቻልኩ ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር።

ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። የሥራ መደቤ “የአይሲቲ ባለሙያ” ይባላል። ዓመቱን ሙሉ የሠራሁት ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ማውጣትና “ከጥገና በላይ ነው” የሚል ደብዳቤ መጻፍ ነው። አለቃዬ ጨዋ ሰው ነበሩ፣ ነገር ግን አንድም ዕቃ እንድፈታ አይፈቅዱም። አንድ ቀን ካቻቢቴ ይዤ ቢያገኙኝ “ልጄ፣ የተከፈተ ንብረት ለኦዲተር ያው የተሰረቀ ንብረት ነው” አሉኝ። ደመወዙ በሰዓቱ ይገባል። እኔ ግን የተማርኩትን እየረሳሁ መሆኔ ይታወቀኝ ነበር።

ጋሽ ነስሩን ያገኘኋቸው በራሴ ላፕቶፕ ምክንያት ነው። ቀስቷ እየዘለለች አስቸገረችኝ። ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩ፤ ለውጥ የለም። ዘመዶቼን ልጠይቅ ሆሳዕና በመጣሁበት ቀን መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን ሱቅ አየሁና ገባሁ። ጋሽ ነስሩ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ከሬዲዮና ከቴፕ ጥገና ተነስተው ወደ ላፕቶፕ የመጡ የሀዲያ ሰው ናቸው። ላፕቶፑን አልተቀበሉኝም።

“ቁጭ በይና ሥሪበት” አሉኝ።

ሠራሁበት። እሳቸው ስክሪኑን አይደለም የሚያዩት፤ እጄን ነው። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ዘረጉና ቻርጀሩን ነቀሉት። ቀስቷ ረጋች።

“ቻርጀሩ የመሬት ሽቦ የለውም። ኤሌክትሪኩ በጣትሽ በኩል ነው መሬት የሚፈልገው። ስንት ዓመት ተማርሽ?”

“አራት።”

“እኔ ሰባተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ግን ቻርጀር መንቀል ችያለሁ።”

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ሳቁና አንድ ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ የተለጠፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አምጥተው “ይሄን ታነቢያለሽ?” አሉኝ። አነበብኩላቸው። በወሩ መሥሪያ ቤቱን ለቀቅኩ። “አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልዳብስ” የሚል ስምምነት ነበር ያለን፤ ውል የሚባል ወረቀት አልተፈራረምንም።

ስለ ጋሽ ነስሩ አሠራር በዝርዝር መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል። ታችፓዱን፣ ቀስቷ በጣት የምትነዳበትን ሰሌዳ፣ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በፎጣ ያደርቃሉ። ሁልጊዜ ባለቤቱን መጀመሪያ ያሠሩታል። ቀጥሎ ቻርጀር ይነቅላሉ። ቀጥሎ ማውስ ይሰካሉ፤ በማውስም ቀስቷ ከዘለለች በሽታው ታችፓዱ ላይ አይደለም። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣት አራቱንም ጠርዝና መካከሉን ይጫናሉ። ጠቅ የሚለው ድምፅ በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት። በመጨረሻ ምስማር ላይ የምትሰቀለውን የብረት ማስመሪያ ያወርዱና ታችፓዱ ላይ በጎኗ ያቆሟታል፤ ጎንበስ ብለው በማስመሪያዋና በላፕቶፑ መካከል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ያያሉ። ከታች ያለው ባትሪ ካበጠ ታችፓዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ማስመሪያዋም እንደ ሚዛን ትወዛወዛለች። ያበጠ ባትሪ ሲያገኙ “እርጉዝ ናት” ይላሉ። አይስቁም። አውጥተው ከሱቁ ጀርባ አሸዋ የሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀብሩታል።

የሚፈቱትን ብሎን በእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ውስጥ በአፈታቱ ተራ ያስቀምጣሉ። አንድ በሽታ ካገኙ በኋላ እንኳ አያቆሙም። አንድ ቅቤ ነጋዴ ቀስቷ ትንሸራተትብኛለች ብሎ መጣ። ታችፓዱ ላይ ጣት ሲያርፍ ያጣብቃል፤ ጠረግኩትና ዳነ። እኔ ልመልስለት ስል ጋሽ ነስሩ “ማስመሪያው?” አሉኝ። አስቀመጥኩ። ደህና ነበር። “ደህና መሆኑን አሁን አወቅሽ። ቅድም ገምተሽ ነበር” አሉኝ። እንዲህ አራት ዓመት ሠራን።

የእኔ ድካም ሌላ ነበር። ሰው ፊት ለፊት ማስቸገር አልችልም። መናኸሪያ አጠገብ ያለ ሱቅ ደንበኛ ሁሉ ተሳፋሪ ነው። አንዱ የዱራሜ መኪና ይጠብቀዋል፣ አንዱ የአዲስ አበባ። “ዛሬ ያድራል” ማለት ለእኔ ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ መላ ለመድኩ። ታችፓዱን ከሴቲንግ ውስጥ እዘጋውና ማውስ ሰክቼ እሰጣለሁ። ቀስቷ ትረጋለች፤ ሰውዬው ተደስቶ ይሄዳል። ጋሽ ነስሩ አይወዱትም። “ይሄ ማደንዘዣ ነው። መጀመሪያ ምርመራውን ጨርሺ፤ ከዚያ ዝጊው” ይሉኝ ነበር። እሳቸው ባሉበት እጨርሳለሁ። በሌሉበት ሁልጊዜ አልጨርስም ነበር።

ያን ማክሰኞ ጋሽ ነስሩ አልነበሩም። የአጎታቸው ልጅ ሞቶ ለቅሶ ላይ ናቸው።

አማረችን አስቀምጬ አሠራኋት። ሁለት መስመር ሳትጽፍ ቀስቷ አራት ጊዜ ዘለለች። እጇ ታችፓዱን አልነካም፤ ንጹሕ ጸሐፊ ናት፣ ጣቶቿ ብቻ ናቸው የሚንቀሳቀሱት። ቻርጀሩን ነቀልኩ። ዝላዩ ቀነሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልቆመም። ሁለተኛ ምክንያት ፈለግኩና ወዲያው አገኘሁ። ላፕቶፑ ከላይ ሙሉ በሙሉ እንደ ደብተር በወፍራም፣ ውስጡን በሚያሳይ ላስቲክ ተለብዷል፤ ጠርዙ በፕላስተር ተጣብቋል። ታችፓዱም በላስቲኩ ሥር ነው።

“ይሄን ልንላጠው ነው” አልኳት።

“ኧረ አትቅደጂብኝ!” አለች፤ እጇን ላስቲኩ ላይ አደረገች። “ላፕቶፑን ወንድሜ ነው ከደቡብ አፍሪካ የላከልኝ። እስካሁን አንድ ጭረት የለበትም። ቤታችን አቧራ ነው።”

የታችፓዱን ልክ ብቻ በምላጭ ቆረጥኩ። ጠረግኩት። አሁን በሁለት ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ዘለለች። አውራ ጣቴን አሳርፌ ጫንኩ። ጠርዙ ጠቅ ይላል። መካከሉ ግን ደረቅ ነው፤ እንደ እንጨት። ጣቴ ያንን አውቆታል። ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ በኋላም ነገሩ ከደረሰ በኋላ የፈጠርኩት ትዝታ አይደለም። በዚያች ደቂቃ አውቄያለሁ። ማስመሪያዋን ቀና ብዬ አየኋት። ነገር ግን እሷን ለማስቀመጥ ላስቲኩ በሙሉ መነሳት አለበት፤ ተነስቶ እንዳሰብኩት ባትሪው አብጦ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑ መፈታት አለበት።

“አምስት ደቂቃ!” አለ ደበበ። “እመቤት፣ ወንበርሽን ለሌላ እሰጠዋለሁ!”

“እህቴ፣ ይደርስልኛል?” አለች አማረች። “ልጄን ለጎረቤት ጥያት ነው የመጣሁት፤ ማደር አልችልም።”

ታችፓዱን ዘጋሁት። ማውስ ሰካሁላት። ጻፈችበት፤ ቀስቷ እንደ ድንጋይ ረጋች። መዝገባችን ላይ “ቻርጀርና ላስቲክ፤ ታችፓድ ተዘግቷል፤ ማውስ” ብዬ ጻፍኩ። አማረች ዳንቴሏን መልሳ አለበሰችው። “ጌታ ይባርክሽ” ብላኝ ወጣች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደበበ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ያኔ አልቀለደም። “ያቺ የሠርግ ጥሪዋ ሴት ተቃጥላለች። ላፕቶፑ ፈንድቶ ነው አሉ። እዚህ ሆስፒታል አስገብተዋታል።”

ከጋሽ ነስሩ ጋር ብርቱካንና ወተት ይዘን ሄድን። የአማረች ቀኝ እጅ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። ባሏ ጴጥሮስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የሆነውን እሱ ነው የነገረን። ሙዱላ ውስጥ ሁለት ቀን መብራት አልነበረም። መብራት የመጣ ሰዓት ቻርጅ እንዲያደርግ ላፕቶፑ ተሰክቶ፣ ዳንቴሉን ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መብራቱ ከምሳ በኋላ መጣ። አማረች ውጭ ልብስ ታጥብ ነበር፤ ሽታ ሸቷት ስትገባ ጭስ ነው። ላፕቶፑን በእጇ አንስታ ወደ ውጭ ሮጠች።

“ለምን አነሳሽው ስላት ምን አለችኝ መሰላችሁ?” አለ ጴጥሮስ። “‘የሰው ጽሑፍ አለበት’። የተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፍ። በር ላይ ስትደርስ እጇ ላይ ነደደ።”

አማረች ዓይኗን ገልጣ አየችን። “ጣቶቼን ሐኪሙ ይታጠፋሉ ወይ ስለው አልመለሰልኝም” አለች።

ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ “መብራቱ ነው” ይላል። በእኛ ከተሞች የተቃጠለ ነገር ሁሉ ምክንያቱ መብራት ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ጴጥሮስ ግን ከዚያ አለፈ። የራሳቸው ቆጣሪ የላቸውም። ጎረቤታቸው አቶ ሉቃስ ከቆጣሪያቸው መስመር ስበው ነው የሚሰጧቸው። “ሽቦውን ሲስብ ቀጭን ነው ብዬው ነበር። ሚስቴን ያቃጠላት እሱ ነው” አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “አንቺማ ሠርተሽልን ነበር። ከዚህ ከመጣች ወዲህ እንዴት ደስ ብሏት ትጽፍ እንደነበር!” አለኝ። እንጸልይ ሲል እጄን ያዘኝ። እጄን ሰጠሁት። ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልኩ።

የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ጋሽ ነስሩ ቆሙ።

“ማስመሪያውን አስቀምጠሽበት ነበር?”

“አዎ ጋሼ።”

“ልክ ነበር?”

“ልክ ነበር።”

እንዲህ ቀላል ነበር። ድምፄ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሸትና እውነት ስናገር አይለይም።

በሳምንቱ ጴጥሮስ ደወለ። ጋሽ ነስሩ ስልኩን ጆሯቸውና ትከሻቸው መካከል ይዘው ሲያወሩ እኔ ከባንኮኒው ጀርባ አንድ ብሎን ይዣለሁ። “ባትሪው ደህና ነበር። ልጅቷ በማስመሪያ አይታዋለች። ወላሂ ደህና ነበር” አሉት። ብሎኑ ከእጄ ወደቀ፤ እስከዛሬ አልተገኘም። በሕይወታቸው ስለ ሥራ ሲምሉ ሰምቻቸው አላውቅም። የማሉት በእኔ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ የሰማነው በቁርጥራጭ ነው፤ ከሙዱላ የሚመጡ ሾፌሮች ለደበበ ይነግሩታል፣ ደበበ ለእኛ። አቶ ሉቃስ መስመሩን ቆርጠውታል። ሁለቱ ቤቶች በአንድ አጥር የሚለያዩ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ናቸው፤ አሁን ሰላምታ የለም። የአማረች ልጅ ስትጫወት የምትውለው አቶ ሉቃስ ቤት ነበር፤ ቀርታለች። የአቶ ሉቃስን ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ “ያቃጠሉ” ይሏቸዋል። አማረች ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። በመጨረሻ ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። ሽማግሌዎቹም ላፕቶፑን የጠገነችው ልጅ መጥታ ዕቃው ከሱቅ ሲወጣ ደህና እንደነበር ትናገር አሉ። እኔ ደህና ነበር ካልኩ ጥፋቱ የአቶ ሉቃስ ሽቦ ሆኖ ያልፋል።

ቅዳሜ ጠዋት ከጋሽ ነስሩ ጋር ሄድን። በዱራሜ በኩል አልፈን ሙዱላ እስክንደርስ በሐሳቤ ብዙ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ። “ምናልባት” የሚል ቃል ያለበት ነበር ሁሉም።

ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ አምስት ናቸው። በጸሎት ከፈቱ። እርስ በርሳቸው በቋንቋቸው ሲነጋገሩ ቆዩና ለእኛ ሲሉ ወደ አማርኛ ተመለሱ። አቶ ሉቃስ ብቻቸውን በአንድ በኩል፣ አማረችና ጴጥሮስ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። አማረች ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍናለች።

“ልጄ” አሉ ዋናው ሽማግሌ፣ “እኛ የዚህን ነገር ሥራ አናውቅም። የእጅሽን ሥራ አንቺ ታውቂያለሽ። ስትሰጫት ደህና ነበር?”

ቆምኩ። ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንኳ ጥናቴን ለማቅረብ ስቆም ጓደኛዬ ነበረች የምታነብልኝ። በአውቶቡስ ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋ።

“አላውቅም” አልኩ።

“እንዴት አላውቅም?”

“አላየሁም። ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም።” ከዚያ በኋላ ቃሉ ተራ በተራ መጣ። “ባትሪ ሲያብጥ ታችፓዱን ከሥር ይገፋል። ቀስቷ የምትዘልበት አንዱ ምክንያት ያ ነው። መካከሉን ስጫነው ደረቅ ነበር። ጣቴ አውቆት ነበር። አውቶቡስ እንዳያመልጣት ብዬ ታችፓዱን ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ቀስቷ አትዘልም፤ ስለዚህ ምንም የሚያስጠነቅቃት ነገር አልነበረም። የአቶ ሉቃስ ሽቦ አይደለም ብዬ መማል አልችልም። ግን እሳቸውን ጥፋተኛ ሊያደርግ የሚችል ከእኔ የሚወጣ ቃል የለም። ባትሪው ደህና ነበር ያልኩት ውሸቴን ነው።”

ጋሽ ነስሩን አላየኋቸውም። ከጎኔ ሲተነፍሱ ግን ሰማሁ።

ጴጥሮስ ነው መጀመሪያ የተናገረው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። “ሆስፒታል ውስጥ እጄን ይዘሽ ጸለይሽ።”

“አዎ።”

“ያኔ ታውቂ ነበር?”

“አዎ።”

አቶ ሉቃስ ተነሱ። ይቆጡኛል ወይም ያመሰግኑኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ እኔ አላዩም። “ልጆቼ ሦስት ሳምንት ‘ያቃጠሉ’ ተብለዋል” አሉ ለሽማግሌዎቹ። “ይሄንን ማን ነው ከጆሯቸው የሚያወጣው?” ተቀመጡ።

“እኔ ነኝ አትቅደጂብኝ ያልኳት” አለች አማረች። “ላስቲኩን። እኔ ነኝ።”

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። “አይደለም እህት አማረች፣ አንቺ አይደለሽም” ልል አፌን ስከፍት ሽማግሌው በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ። ሌላው ነገር የእነሱ ነው። አቶ ሉቃስ ከነገሩ ነጻ እንደሆኑ፣ በነጋታው እሑድ በጉባኤው ፊት እንዲነገር ወሰኑ። ከሱቃችን ምን እንደሚጠበቅ ሌላ ቀን ሊነጋገሩ ጋሽ ነስሩን ቀጠሯቸው። አማረች በቀኝ እጇ ልትሰናበተኝ አልቻለችም፤ በግራዋ ሰጠችኝ።

በመመለሻው ጋሽ ነስሩ ከእኔ ጎን ተቀምጠው በመስኮት ያያሉ። ዱራሜን አለፍን። አንገቴን አቀርቅሬ ጫማዬን እያየሁ ነው።

“ለእነሱ የነገርሽውን ለእኔ ሦስት ሳምንት ነፈግሽኝ” አሉ።

“ይቅርታ ጋሼ።”

“ወላሂ ብዬ ማልኩለት።”

“ይቅርታ።”

“ይቅርታሽን ምን ላድርገው? ቃሌን መልሺልኝ ብልሽ ትመልሽልኛለሽ?” ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ከፊታችን ያሉት ተሳፋሪዎች ዞሩ። ጋሽ ነስሩ በሀዲይኛ የሆነ ነገር ለራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ፣ አንጋጫ አካባቢ ስንደርስ፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

“ሌላስ?”

“ምን ሌላ?”

“ምርመራውን ሳትጨርሺ ታችፓዱን ዘግተሽ የሸኘሽው ሌላ ሰው።”

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ አንዲት ሴት፣ ስለ አንድ እጅ፣ ስለ አንድ ውሸት ብቻ ነበር የማስበው። ሌላ ሰው አላሰብኩም ነበር። መቁጠር ጀመርኩ፤ ስድስት ላይ ስደርስ አቆምኩ።

ሆሳዕና ስንገባ ጋሽ ነስሩ ሳይሰናበቱኝ ወረዱ።

በነጋታው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሱቁን ከፈትኩና መዝገቡን ወንበር ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። “ታችፓድ ተዘግቷል፤ ማውስ” የሚለውን በእጄ ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ፣ ጋሽ ነስሩ ያልነበሩበትን ቀን፣ በእርሳስ አከበብኩ። ከአማረች ሌላ ሰባት ሆኑ። መደወል ጀመርኩ።

የመጀመሪያዋ ተማሪ ናት። “ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀይው” አልኳት።

“ማነሽ?”

“ከመናኸሪያው ሱቅ፤ ላፕቶፕሽን የሠራሁት። ንቀይው፣ አታብሪው፣ አልጋ ላይ አታስቀምጪው። ይዘሽው ነይ።”

“ደህና ነው እኮ የሚሠራው።”

“ስለሚሠራ ነው” አልኳት፤ ራሴም ምን እንዳልኩ አልገባኝም።

ሁለተኛው ሸጦታል፤ የገዛውን ሰው ስልክ ሰጠኝ። ሦስተኛዋ ላፕቶፑ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ከላዩ መጽሐፍ ጭናበት እንደምታሳድረው ነገረችኝ። መጽሐፉን አንስታ ዕቃውን ከቤት አውጥታ ድንጋይ ላይ እንድታስቀምጠው ለመንኳት፤ ስታለቅስ ሰማሁ። አራተኛው ሰደበኝ። አምስተኛውና ስድስተኛው እንመጣለን አሉ።

ሰባተኛው ሀቢቾ የሚኖር መምህር ነበር። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ያቆማል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ጸሎት ላይ ይሆናል ብዬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩና እንደገና ደወልኩ። አሁን ጭራሽ አይጠራም።

ሱቁን ቆለፍኩና ቁልፉን ለጋሽ ነስሩ እንዲሰጥልኝ ወደ ደበበ ሄድኩ። ያን ቁልፍ ዳግመኛ አልያዝኩትም። የሀቢቾ መኪና ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል።

“በእሑድ ወዴት ነው እንዲህ እየሮጥሽ?” አለኝ።

“ሀቢቾ።”

ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ምነው፣ ሰው ሞተ?”

“አላውቅም” አልኩትና ተሳፈርኩ።